ልዑል ዓለማየሁና የተመረጡለት ትምህርት ቤቶች

በጥንቱ የኢትዮጵያ የትምህርት ሥርዓት ተማሪ መምህሩን የሚመርጠው በእግሩ ነበር። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ ካበቃ በኋላ ድጓ የፈለገ እንደ ሆነ ወደ ቤተ ልሔም፣ ቅኔ የፈለገ እንደ ሆነ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይጓዛል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከአባት ከእናቱ ተለይቶ በመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ትምህርቱ አላረካው እንደ ሆነም ወደ ሌላ መምህር ያልፋል። አዳሪ ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ሐሳብ መስሎ የሚታየው ሰው ይህን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል። ካሣ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ በልጅነታቸው በዚሁ ሥርዓት ያለፉ ናቸው። ለትምህርት በገቡበት በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ሳሉ ወታደሮች ገዳሙን ወረው በተማሪዎቹ ላይ ብርቱ ጭካኔ እንደ ፈጸሙና ካሣ ግን አምልጠው እንደ ወጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ።

የእኒህ ንጉሥ ልጅ ዓለማየሁ ከአባቱ ይልቅ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አይቷል። በስምና በክብር ከሚታወቁት የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ሁለቱ ተቀብለውታል፤ የጦር ትምህርት ቤቱም ደጁን ከፍቶለታል። ነገር ግን ወደ አንዳቸውም በገዛ እግሩ አልሄደም። ትምህርት ቤቱን የመረጡለት ጄኔራሎች፣ ሚኒስትሮችና አንዲት ንግሥት ሲሆኑ፣ ምርጫውም የተደረገው በደብዳቤ ነበር።

ዓለማየሁ የተወለደው በ1853 ዓ.ም. ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ሆነው የተያዙት በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ስለ ነበር፣ በዚህ ላይ የተመሠረተው ጋብቻ ብዙ ደስታ የነበረበት አይመስልም። እቴጌይቱ ዳዊታቸውን የማይለዩ፣ መጽሐፍ ወዳድ ሴት እንደ ነበሩ ግን ያወቋቸው ሁሉ መስክረውላቸዋል። ሕፃኑ የመጀመሪያውን ትምህርት በዚያ በእናቱ አጠገብ ሳያገኝ አልቀረም። አለቃ ዘነብም፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ሊቅ፣ መምህሩ ሆነው ነበር። በዚያን ጊዜ የአንድ የንጉሥ ልጅ ትምህርት ከዚህ የተሻለ መሠረት ሊኖረው አይችልም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መረጡ። ልጁ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲመለስ እናትና ልጅ አብረው እንዲጓዙ ተደረገ። ንጉሡ ልጃቸው በእንግሊዞች ዘንድ እንዲያድግ ፈቅደው እንደ ነበር እቴጌይቱ ተናግረዋል እየተባለ ተጽፏል፤ ይህን የጻፉት ግን ልጁን የወሰዱት ራሳቸው መሆናቸውን አንባቢ ሳያስተውል ማለፍ የለበትም። እቴጌ ጥሩወርቅ ቀድሞውንም ሕመምተኛ ነበሩና መንገዱን ሳይጨርሱ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በትግራይ ምድር ዐረፉ፤ በጨለቆትም ተቀበሩ። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አባቱንም እናቱንም ላጣው ሕፃን ከእንግዲህ ወዲህ የት ይማር የሚለው ጥያቄ የእንግዶች ጉዳይ ሆነ።

የመጀመሪያው አሳብ እንግሊዝ አልነበረም፤ ቦምባይ ነበር። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሮበርት ናፒዬር ልጁን በዚያ ከተማ ትምህርት ቤት ለሚያስተዳድሩት ለስኮትላንዳዊው ሚስዮናዊ ለዶክተር ጆን ዊልሰን ሊሰጠው አስቦ ነበር። ይህ አሳብ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ገብሩና ምርጫ ወርቄ የተባሉት የዐድዋ ወንድማማቾች በዶክተር ዊልሰን ዘንድ ተምረው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እንዲያውም ምርጫ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዐፄ ዮሐንስ መልእክተኛ ሆኖ ወደ አውሮፓ ነገሥታት ተልኳል። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ ልጅ ገብቶበት፣ የባዕዱን ቋንቋ ተምሮ፣ የራሱን ሳይጥል ወደ አገሩ የተመለሰበት ትምህርት ቤት በእርግጥ ነበረ። ይህ አሳብ ለምን እንደ ቀረ መገመት አያስቸግርም። የድል አድራጊው መንግሥት የድል ምልክቱን በዋና ከተማው ማየት ፈለገ፤ ልጁም ወደ እንግሊዝ እንዲመጣ ታዘዘ።

በመርከቡ ላይ ልጁን የተረከበው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበር። ይህ ሰው ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ጢሙ ቀይ፣ ቀደም ሲል ዐፄ ቴዎድሮስን ያገለገለና አማርኛ የሚያውቅ ነው፤ የአገሩ ሰዎችም ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። ዓለማየሁን ተከትለው የመጡት ኢትዮጵያውያን፣ መምህሩ ሳይቀሩ፣ እንግሊዝ ሳይደርሱ ከመንገድ እንዲመለሱ ተደረገ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በልጁ ትምህርት ላይ ከደረሱት ጉዳቶች ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን ምናልባትም ትልቁ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ በአማርኛ ሊያነጋግረው የሚችል ሰው አንድ ብቻ ቀረ፤ እርሱም ፈረንጅ ነበረ። ሌሊት እየባነነ ስለሚፈራ ከስፒዲ አጠገብ ካልሆነ አይተኛም ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. በሐምሌ ወር (ከዚህ በታች በባሕር ማዶ ለተደረገው ነገር ሁሉ የሚሰጠው ዘመን እንደዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዋይት ደሴት በኦዝቦርን ቤተ መንግሥት ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ንግሥቲቱ ባላቸው ከሞተባቸው ገና ሰባተኛ ዓመታቸው ነበር፤ ለዚህ ወላጅ አልባ ሕፃንም ልባቸው ወዲያው ራራ። በዚያው ደሴት ላይ ስመ ጥር የሆነችው ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ልጁን የአገሩን ልብስ እንደ ለበሰ ከስፒዲ ጋር አነሣችው። እነዚህ ሥዕሎች እስከ ዛሬ ይገኛሉ፤ በአንዱም ላይ ልጁ ሲሥቅ አይታይም።

ከዚህ በኋላ ስፒዲ ሚስት አግብቶ፣ በሕንድ አገር በአውድ አውራጃ የፖሊስ ሹመት ስለ ተሰጠው፣ ልጁን ይዞ ወደዚያ ሄደ። ለዓለማየሁ ከመቅደላ ወዲህ ቤት የሚመስል ኑሮ የተገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን ብዙ አልቆየም። በ1871 ስፒዲ በሩቅ ምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ፔናንግ ሲዛወር፣ የልጁ ነገር በለንደን እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ የተደረገው ክርክር የትምህርት ሰዎች ሁሉ ሊመረምሩት የሚገባ ስለ ሆነ፣ የየወገኑን ምክንያት በሚገባ ማየት ያስፈልጋል።

የልጁ አበል የሚከፈለው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ስለ ነበር፣ በነገሩ ላይ ዋና ባለሥልጣን የሆነው የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ነበር። የእርሱ አሳብ አጭር ነው። መንግሥት ኀላፊነት የወሰደበት የንጉሥ ልጅ አንድን የፖሊስ መኰንን እየተከተለ ከአንዱ ሞቃት አገር ወደ ሌላው ሲዘዋወር ማደግ የለበትም፤ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ስለ ሞላ በእንግሊዝ አገር ሥርዓት ባለው ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር ይማር አለ። በአንድ በኩል ሲታይ ይህ ትክክለኛ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ከሹማምንትና ከመኳንንት ወገን የሆነ እንግሊዛዊ ልጅ ሁሉ የሚላክበት መንገድ ይኸው ነበርና፣ ሚኒስትሩ ለኢትዮጵያዊው ልጅ ከራሱ ወገን ልጆች ያነሰ ነገር አልመደበም።

ስፒዲ በበኩሉ ልጁ ከእርሱ ሌላ ሰው እንደሌለው፣ እንደ አባትም እንደሚያየው አመለከተ። ንግሥት ቪክቶሪያም የስፒዲን አሳብ ደገፉ። እናት እንደ መሆናቸው መጠን፣ ይህ ሕፃን አንድ ጊዜ ሁሉን ያጣ ስለ ሆነ አሁን የቀረውን አንድ ወዳጅ መንጠቅ ጭካኔ ነው ብለው ተቃወሙ። ንግሥት የተቃወሙትን ነገር የገንዘብ ሚኒስትር መፈጸሙ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በእንግሊዝ ሥርዓተ መንግሥት የሚከፍለው የሚያዝዝ ሆኖ ሎው ረታ። ልጁም ከስፒዲ ተለየ። መለያየቱ ለሁለቱም እጅግ መራራ ነበር።

የሚያስገርመው በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ያልተነሣው ነገር ነው። ልጁ በቋንቋው ማንበብና መጻፍ እንዳይረሳ የሚያስተምረው ማን ነው የሚል ጥያቄ በሁለቱም ወገን ክብደት አላገኘም። ትምህርቱን ሲጨርስ ወዴት ይሄዳል ለሚለውም ቁርጥ መልስ የሰጠ አልነበረም። ሎው ስለ ሥርዓት ተከራከረ፣ ንግሥቲቱ ስለ ፍቅር ተከራከሩ፤ ሁለቱም በየበኩላቸው ልክ ነበሩ። ይሁን እንጂ ለአንድ ልጅ ትምህርት ቤት የሚመርጥ አባት ልጁ ኋላ ምን ሆኖ ወዴት እንደሚመለስ ሳያስብ አይመርጥም። ዓለማየሁ የጎደለው እንዲህ ያለውን ሰው ነበር።

በ1872 መጀመሪያ ላይ ወደ ቸልተነም ገባ። የቸልተነም ኮሌጅ በ1841 የተመሠረተ፣ አባቶቻቸው በሕንድና በጦር ሠራዊት የሚያገለግሉ ብዙ ልጆች የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ዲሬክተሩ ዶክተር ቶማስ ጄክስ ብሌክ ልጁን በተማሪዎች ማደሪያ ብቻ ከመተው ይልቅ ከቤተ ሰቦቻቸው ጋር አስቀመጡት። ዲሬክተሩ ዘጠኝ ሴቶች ልጆችና ሁለት ወንዶች ልጆች የነበሩአቸው ሰው ናቸው። ከሴቶቹ አንዷ ኋላ በኬምብሪጅ የገርተን ኮሌጅ፣ ሌላይቱ ደግሞ በኦክስፎርድ የሌዲ ማርጋሬት ሆል የበላይ አስተዳዳሪ ለመሆን በቅተዋል። ስለዚህ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ትምህርት በሚከበርበት ቤት፣ መልካም ሰዎች መካከል ተቀምጧል ማለት ነው። ጄክስ ብሌክንና ሚስታቸውን በልጁ ላይ ስለ ደረሰው ነገር መውቀስ ፍትሕ አይሆንም፤ የተሰጣቸውን ልጅ እንደ ልጃቸው አሳድገዋል።

ትምህርቱ ግን ከበደው። የእኩዮቹ መሠረት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በላቲንና በእንግሊዝኛ የተጣለ ሲሆን፣ የእርሱ ትምህርት ከመቅደላ እስከ ሕንድ ሦስትና አራት ጊዜ ተቋርጧል። መምህራኑ ጠባዩ መልካም መሆኑን፣ በጨዋታ ሜዳ ጎበዝ መሆኑን፣ በመጽሐፍ ግን ወደ ኋላ መቅረቱን ጻፉ። አንድ ልጅ አንዱን ቋንቋ እየረሳ ሌላውን በሚማርበት ጊዜ፣ በሁለቱም መካከል ቃል አጥቶ የሚቀመጥበት ዘመን እንዳለ ማንኛውም የቋንቋ መምህር ያውቃል። ሪፖርቶቹ ግን ይህን እንደ ስንፍና እንጂ እንደ ጉዳት አላዩትም።

በዚህ መካከል አያቱ፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ፣ ከኢትዮጵያ ደብዳቤ ይልኩ ነበር። ለንግሥቲቱ ጻፉ፣ ለልጅ ልጃቸውም ጻፉ። ልጃቸው ሞታለች፣ የቀራቸው ይህ ልጅ ብቻ ነበረና ናፍቆታቸውን መግለጽ ያዳግታል። ደብዳቤው የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ ልጁ ደግሞ እያደገ ሲሄድ አማርኛው ጠፍቶበታል። ስለዚህ የአያቱን ቃል ለመስማት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው ሆነ። ስለዚህ ልጅ የትምህርት ውጤት ከተጻፉት ሪፖርቶች ሁሉ ይልቅ ይህ አንድ ነገር ብዙ ይናገራል።

በ1874 ዶክተር ጄክስ ብሌክ የረግቢ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነው ሲሾሙ ዓለማየሁም ተከትሏቸው ሄደ። ረግቢ ከ1828 ጀምሮ ቶማስ አርኖልድ ባስተዳደሩት ጊዜ ስሙ የተጠራ፣ የሌሎቹ የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ምሳሌ የሆነ ቦታ ነው። በስሙ የሚጠራው የኳስ ጨዋታም የወጣው ከዚያው ሜዳ ነው፤ ዓለማየሁም በዚህ ጨዋታ የተመሰገነ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ተስማምቶ መኖሩን የሚያስረዳ ብዙ ነገር አለ። የረግቢ ዘመን በጠቅላላው ሲታይ ከሕይወቱ የተሻለው ክፍል ነበር። ሆኖም በላቲንና በሒሳብ የሚያስፈልገውን ደረጃ ስላልደረሰ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው መንገድ ዝግ ሆነ።

አሁንም ሌላ ምርጫ መጣ። የጦረኛ ንጉሥ ልጅ ስለ ሆነ የጦር መኰንን ቢሆን ይሻላል ተባለና በ1878 ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተላከ። ይህ ከምርጫዎቹ ሁሉ የከፋው ነበር። በዚያ የጄክስ ብሌክ ቤት የለም፤ የሚያውቁት የረግቢ ልጆችም ዙሪያውን አልነበሩም። በብቸኝነትና በሐዘን ጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ ዓመት ሳይሞላው ትቶ ወጣ።

በመጨረሻ የሄደው ወደ ሊድስ ከተማ ሲሆን፣ ይህንኛውን ከሌሎቹ የሚለየው የታወቀ ወዳጅ የነበረበት መሆኑ ነው። ቀድሞ ያስተማረው ሲሪል ራንሰም በዚያ በዮርክሺር ኮሌጅ የታሪክ መምህር ሆኖ በሄዲንግሊ ሰፈር ይኖር ነበር። ምናልባት ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልክ እንደ አገሩ የቆሎ ተማሪ፣ መምህሩን አስቦ የሄደበት ቦታ ይህ ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ብዙ አልተማረም። በ1879 በመከር ወራት በብርድ ሌሊት ከቤት ውጭ ቆይቶ በብርቱ የሳንባ በሽታ ተያዘ። በሕመሙም መካከል መርዝ አብልተውኛል ብሎ ተጠራጥሮ ምግብና መድኀኒት እንቢ ይል ነበር። ንግሥቲቱ ስለ ጤናው እየደጋገሙ ጠየቁ፤ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ግን ሞተ። ዕድሜው 18 ዓመት ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በባዕድ አገር ዘመድ አልባ ሆኖ መሞቱ እጅግ እንዳሳዘናቸው በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈዋል።

ዓለማየሁ ከመቅደላ የተወሰደ ብቸኛ ልጅ አልነበረም። በዚያው በመቅደላ ውድቀት ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ወርቅነህ እሸቴ የተባለ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኝቶ፣ አንድ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ሕንድ ወስዶት ነበር። እርሱም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ፣ በፑንጃብ በሚስዮናውያን ትምህርት ቤቶች አደገ፤ በ1882ም ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ። በበርማ ሐኪም ሆኖ ካገለገለ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ አማርኛ አያውቅም ነበር፤ ዘመዶቹ የለዩት በገላው ላይ በነበረ ጠባሳ ነው። ይህ ሰው በ1917 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ የጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ ጻፈ፤ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ትምህርት መንገድ ከፈተ።

የሁለቱን ዕጣ የለየው የትምህርት ቤቶቹ ደረጃ ነው እንዳይባል፣ በዝና የዓለማየሁ ይበልጡ ነበር። ወርቅነህ ግን በእጁ ሊሠራበት የሚችል ሙያ አገኘ፤ የንጉሥ ልጅ ስላልነበረም ወደ አገሩ ልሂድ ባለ ጊዜ መመለሱ የመንግሥታት ጉዳይ አልሆነም። ዓለማየሁ ከኢትዮጵያ ዙፋን ጋር የተያያዘ ስም ነበረው። የእርሱ መመለስ ነገር በተነሣ ቁጥር በመካከሉ የፖለቲካ አሳብ ይገባ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲመረጥለትም እንዲሁ ነበር።

ሬሳው በንግሥቲቱ ትእዛዝ ወደ ዊንድዘር ተወስዶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ መቅደስ አጠገብ ከመሬት በታች በተሠራው መቃብር ተቀበረ። በቤተ መቅደሱም ውስጥ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገረው የወንጌል ቃል የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ተሰቀለለት። ጄክስ ብሌክ ከዚያ በኋላ እስከ 1887 ረግቢን አስተዳደሩ። ስፒዲም ወደ ኢትዮጵያ በሄደ የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ የዐፄ ዮሐንስን አገር ዳግመኛ አየ።

በ2007 ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው በ2023 እንደገና ተነሥቶ፣ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች አፅሙን ማውጣት በአጠገቡ ያሉትን የሌሎች ሙታን ዕረፍት ያውካል ሲሉ መለሱ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ግን ከስፒዲ ቤተ ዘመድ እጅ የተገኘ፣ ከዓለማየሁ ራስ የተቈረጠ ጥቂት ፀጉር በለንደን ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ።